ራቬና፦ ባሕር የሸሻት መዲና

የፖ ወንዝ የሰሜን ጣልያንን ሜዳ አቋርጦ አድሪያቲክ ባሕር ሲደርስ፣ ከተራራ ጠርጎ ያመጣውን አፈርና አሸዋ መግቢያው ላይ ይከምረዋል። ከዚያ በስተደቡብ ከአፔኒን ተራሮች የሚወርዱት ላሞኔ፣ ሞንቶኔ፣ ሮንኮና ሳቪዮ የየራሳቸውን ደለል ይጨምሩበታል። እንዲህ ባለ ምድር የባሕሩ ዳርቻ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ቅድመ አያት ዓሣ ያጠመደበት ላይ የልጅ ልጅ ስንዴ ይዘራል። ራቬና የተቆረቆረችው እዚህ ነው። የነገሥታቷን ታሪክ ለማወቅ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የውኃዋን ታሪክ ማወቅ አለበት።

ዛሬ ራቬና በኤሚሊያ ሮማኛ ክልል የምትገኝ የአውራጃ ዋና ከተማ ናት። ከባሕሩ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ከመርከብ ጋር የሚያገናኛት ሰው የቆፈረው ቦይ ነው። በማዘጋጃ ቤቷ ሥር ያለው መሬት ከ650 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በጣልያን ከሮም ቀጥሎ ሁለተኛው ሰፊ ነው። ከዚህ መሬት አብዛኛው እርሻ፣ የጥድ ደንና ረግረግ ነው፤ ጥቂት የማይባለውም በጥንት ዘመን ባሕር ነበር።

በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ የኖረው ስትራቦን ራቬናን ሲገልጻት ሁለመናዋ በእንጨት የተሠራ፣ ውኃ በመካከሏ የሚፈስባት፣ ሰው በድልድይና በጀልባ የሚመላለስባት ከተማ መሆኗን ጽፏል። ቤቶቿ የቆሙት ጭቃ ውስጥ በተቸከሉ ግንዶች ላይ ነበር። ባሕሩ ሞልቶ ሲጎድል ቆሻሻውን ጠርጎ ይወስድላት ስለነበር በረግረግ መካከል እያለች ጤናማ ነበረች። ሮማውያን በትርዒት ሜዳ የሚፋለሙ ግላዲያተሮቻቸውን እዚያ ያሠለጥኑ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። የጎደላት የሚጠጣ ውኃ ነበር። በሮም የታወቀው ገጣሚ ማርሻል በራቬና ከወይን ቦታ ይልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ቢኖረው እንደሚመርጥ ጽፏል፤ በዚያች ከተማ ከወይን ይልቅ ውኃ ዋጋ ያወጣ ነበርና።

ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 ዓመት የሩቢኮንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሮም የዘመተው ከራቬና ተነሥቶ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የከተማዋን ዕጣ የቀየረው ግን ከእርሱ በኋላ የነገሠው አውግስጦስ ቄሣር ነው። አውግስጦስ የመንግሥቱን ባሕር ኃይል ለሁለት ከፍሎ አንዱን ናፖሊ አጠገብ ሚሴኖ ላይ፣ ሌላውን ከራቬና በስተደቡብ ክላሴ በምትባል ወደብ ላይ አሠፈረ። ከፖ ወንዝ ጋር የሚያገናኝ ቦይም አስቆፈረ። በስድስተኛው መቶ ዘመን የጻፈው ዮርዳኔስ ወደቡ 250 መርከቦች ይይዝ እንደነበር ከቀደሙት ጽሑፎች ጠቅሶ ይነግረናል። እርሱ በነበረበት ዘመን ግን መርከቦቹ ይቆሙበት የነበረው ቦታ በከፊል የአትክልት ስፍራ ሆኖ ነበር። ባሕሩ ያኔውኑ መሸሽ ጀምሯል።

ራቬና የንጉሠ ነገሥት መቀመጫ የሆነችው ከፍርሃት የተነሣ ነው። በ402 የቪሲጎቶች መሪ አላሪክ የምዕራቡ ንጉሠ ነገሥት ሆኖሪየስ የሚኖርበትን ሚላኖን ከበበ። ከበባው እንደተሰበረ ሆኖሪየስ ቤተ መንግሥቱን ይዞ ወደ ራቬና ሸሸ። በእኛ አገር ታሪክ ጠላት የበረታበት መስፍን አምባ ይወጣል፤ ሆኖሪየስ ረግረግ ውስጥ ወረደ፤ የሁለቱ ዓላማ ግን አንድ ነው። በየብስ የመጣ ሠራዊት ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፤ በባሕር ለሚመጣም መግቢያውን የሚያውቁት የአገሩ ቀዛፊዎች ብቻ ናቸው። ከቁስጥንጥንያ የሚላክ እህልና ወታደር ደግሞ በክላሴ በኩል ሳይቋረጥ ይገባል። በ410 አላሪክ ሮምን ዘርፎ ዓለሙ ሁሉ ሲደነግጥ ራቬና አልተነካችም።

የሆኖሪየስ እኅት ጋላ ፕላኪድያ ሕይወቷ የዚያን ዘመን መከራና ክብር ባንድነት የያዘ ነው። ጎቶች ማርከው ወሰዷት። በ414 የጎቶችን ንጉሥ አታውልፍን አገባች። ባሏ ሲገደል ወደ ወገኖቿ ተመለሰች። ከሁለተኛ ባሏ የወለደችው ቫለንቲንያኖስ በ425 ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ሲነግሥ፣ ለዓመታት መንግሥቱን የመራችው እርሷ ናት። በስሟ የሚጠራው መቃብር ቤት በራቬና ካሉት የጥንት ሕንጻዎች ከትንንሾቹ አንዱ ነው። ከውጭ ሲታይ ማንም ልብ የማይለው የመስቀል ቅርጽ ያለው የሸክላ ጡብ ቤት ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ጣሪያው በጥልቅ ሰማያዊ ሞዛይክ ተሸፍኖ፣ በላዩ የወርቅ ከዋክብት ተረጭተውበት ይታያል፤ መስኮቶቹ ስስ የአልባስጥሮስ ድንጋይ ስለሆኑ ብርሃኑ እንደ ማር ቀልቶ ይገባል። ጋላ ፕላኪድያ በ450 ያረፈችው ሮም ነው፤ እዚህ አለመቀበሯን አብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል።

በ476 ጦር አዛዡ ኦዶአኬር ሮሙሎስ የተባለውን ብላቴና ከዙፋን አውርዶ የምዕራቡን የንጉሠ ነገሥት ማዕርግ አስቀረ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይህን ቀን የሮም መንግሥት ውድቀት ይሉታል። ራቬና ላይ ግን የኑሮው ነገር ብዙም አልተለወጠም፤ ጸሐፊዎቹም ግብር ሰብሳቢዎቹም በሥራቸው ቀጠሉ። የተለወጠው ኦስትሮጎቶች በቴዎዶሪክ መሪነት በመጡ ጊዜ ነው። ቴዎዶሪክ ከተማዋን ከ490 እስከ 493 ከቦ በጦር ሊይዛት አልቻለም፤ ረግረጉ ሥራውን ሠርቷል። በመጨረሻ የከተማዋ ጳጳስ ዮሐንስ አስታርቆ፣ ሁለቱ መሪዎች አገሩን አብረው ሊገዙ ተስማሙና በሩ ተከፈተ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ቴዎዶሪክ ኦዶአኬርን ግብዣ ጠርቶ በገዛ እጁ በሰይፍ ገደለው።

እንዲህ በደም የጀመረው ሰው ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ሦስት ዓመታት ጣልያንን በሰላም ገዛ። ልጅነቱን በመያዣነት በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት አሳልፎ ስለነበር የሮማን ሥርዓት ያከብር ነበር። የፈረሰውን የውኃ መስመር አስጠግኖ ለራቬና የሚጠጣ ውኃ አመጣላት። እርሱና ጎቶቹ አርዮሳውያን ነበሩ፤ ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ያወገዙትን የአርዮስን ትምህርት ይከተላሉ። የከተማው ሕዝብ ደግሞ የኒቅያን ሃይማኖት የያዘ ነበር። ስለዚህ በአንዲት ከተማ ሁለት ጳጳሳት፣ ሁለት ካቴድራሎች፣ ሁለት የጥምቀት ቤቶች ነበሩ። ሁለቱ የጥምቀት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። በሁለቱም ጣሪያ ላይ ጌታ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ፣ ዮርዳኖስ ራሱ በሽማግሌ ተመስሎ ከጎን ቆሞ፣ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በዙሪያው ሲዞሩ ይታያል። በሃይማኖት የተወጋገዙት ሁለቱ ወገኖች ጣሪያቸውን በአንድ ሥዕል አስጊጠዋል።

ቴዎዶሪክ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያሠራት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ሳንት አፖሊናሬ ኑዎቮ ትባላለች። በእኔ አስተያየት ራቬናን በቅጡ ማየት የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜውን መስጠት ያለበት እዚህ ግድግዳ ሥር ነው። በቀኙ ግድግዳ ላይ የቴዎዶሪክ ቤተ መንግሥት በሞዛይክ ተሥሏል፤ ነጭ ዓምዶች፣ በላያቸው ቅስቶች፣ በየቅስቱ ሥር የተቋጠሩ መጋረጃዎች። በቅስቶቹ መካከል ሰው የለም። ዓምዶቹን ተጠግቶ ለሚያይ ግን ባዶ ነጭ ዓምድ ላይ የሰው እጅ ይታያል። ክንድ የለውም፣ አካል የለውም፤ ጣቶቹ ብቻ ዓምዱን አቋርጠው ወጥተዋል። ጎቶች ድል ከተነሡ በኋላ፣ በ560ዎቹ፣ ሊቀ ጳጳስ አግኔሉስ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከአርዮሳውያን ተረክቦ ሲቀድስ የቴዎዶሪክና የመኳንንቱ ምስል ከግድግዳው ተለቅሞ እንዲጠፋ፣ በቦታውም መጋረጃ እንዲሣል ተደረገ። ሠራተኞቹ አካሉን ሲያነሡ ዓምዱ ላይ የተዘረጉትን እጆች ሳይነኩ ተዉ። ስለ መንግሥት ለውጥ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ እነዚህ ጣቶች የበለጠ ይናገራሉ።

የቴዎዶሪክ መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ ቆሟል። ከድንጋይ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ሲሆን፣ ጣሪያው ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፤ ክብደቱም ከ200 ቶን እንደሚበልጥ ይገመታል። ድንጋዩ የተጠረበው ከአድሪያቲክ ማዶ ኢስትሪያ ውስጥ ነው። ይህን የሚያህል ሸክም ባሕር አሻግሮ፣ ረግረግ አቋርጦ፣ ከግድግዳ በላይ የሚያወጣ ባለሙያ በ520ዎቹ መኖሩ፣ ጎቶችን አፍራሽ ብቻ አድርገው ለሚተርኩ ሁሉ በቂ መልስ ነው።

የምሥራቁ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ጣልያንን ለማስመለስ ጦር ላከ፤ አዛዡ ቤሊሳርዮስ በ540 ራቬና ገባ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሳን ቪታሌ ተመረቀች። ባለ ስምንት ማዕዘኗ ቤተ ክርስቲያን ግንባታው የተጀመረው ገና በጎቶች ዘመን ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ዩልያኖስ የተባለ የባንክ ሰው ሲሆን፣ 26,000 የወርቅ ሳንቲም እንደከፈለ ተመዝግቧል። በመቅደሱ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ዩስቲንያኖስና ባለቤቱ ቴዎዶራ ከነአጀባቸው ቆመዋል። ከሁሉም መካከል ስሙ በላዩ የተጻፈው ሊቀ ጳጳሱ ማክሲሚያኖስ ብቻ ነው። ማክሲሚያኖስ በንጉሠ ነገሥቱ ተሹሞ ሲመጣ ሕዝቡ አልቀበልም ብሎት ነበር፤ ሥዕሉ ከማን ጎን እንደቆመ ለሁሉም ያስታውሳል። ንጉሡና ንግሥቲቱ ራቬናን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ቴዎዶራም ቤተ ክርስቲያኒቱ በተመረቀች በዓመቱ ሞተች።

ሞዛይኩ የተሠራው ከትንንሽ የመስታወት ጠጠር ነው። የወርቁ ጠጠር ስስ የወርቅ ቅጠል በሁለት መስታወት መካከል ተቀብሮ የተሠራ ነው፤ ባለሙያዎቹም እያንዳንዱን ጠጠር ትንሽ ዘንበል አድርገው ስለሚተክሉት ተመልካቹ አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብርሃኑ አብሮ ይንቀሳቀሳል። የቴዎዶራ ካባ ጫፍ ላይ ሰብአ ሰገል እጅ መንሻ ይዘው ሲሄዱ በወርቅ ተጠልፈው ይታያሉ። ልብሱ ሐር ነው፤ የዚያን ዘመን ሐር ደግሞ እኛንም ይነካል። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው ዩስቲንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ አክሱማውያን ሐር ከሕንድ ነጋዴዎች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ጠይቆ ነበር፤ ዓላማው ለጠላቱ ለፋርስ ገንዘብ ላለመክፈል ነበር። ነገሩ አልተሳካም፤ የሕንድ መርከቦች በሚያርፉባቸው ወደቦች የፋርስ ነጋዴዎች ቀድመው ሸቀጡን ይጠቀልሉት ነበር። ቴዎዶራም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለችም፤ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉ አባቶችን በቤተ መንግሥቷ ታስጠልል ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ራቬና ኤክሳርክ የሚባለው የቁስጥንጥንያ እንደራሴ መቀመጫ ሆነች። በ751 የሎምባርዶች ንጉሥ አይስቱልፍ ያዛት። የፍራንኮች ንጉሥ ፔፒን ከሎምባርዶች አስለቅቆ አገሩን በ756 ለሮም ጳጳስ ሰጠ፤ የጳጳሳት መንግሥት ተብሎ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የኖረው ግዛት መነሻው ይህ ስጦታ ነው። የፔፒን ልጅ ሻርለማኝ በጳጳሱ ፈቃድ ከራቬና ዓምድና እብነ በረድ አስነቅሎ ወደ አኸን አስወሰደ። እዚያ ያሠራት ጸሎት ቤት የሳን ቪታሌን መልክ ይዛለች።

ወደቡ በደለል ሞላ፤ ክላሴ ጠፋች። የባሕር ሙላት መድረስ ሲያቆም ረግረጉ የቆመ ውኃ ሆነና ወባ ገባ። ንግዱም ዝናውም ወደ ሰሜን፣ ወደ ቬኔዚያ ሄደ። ሞዛይኮቹ ሊተርፉ የቻሉት አንድም በዚህ ይመስለኛል፦ ሀብታም ከተማ አሮጌውን አፍርሶ በየዘመኑ ፋሽን ይሠራል፤ ራቬና ለዚያ የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም። የእጅ ሥራውን ያህል ድህነቷንም ማመስገን ተገቢ ነው።

ከፊሬንዜ የተሰደደው ዳንቴ አሊጊየሪ የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረው እዚህ በጌታው ጊዶ ኖቬሎ ዳ ፖሌንታ ጥላ ሥር ነው። በ1321 ወደ ቬኔዚያ ተልኮ በረግረጉ በኩል ሲመለስ ወባ ያዘው፤ በመስከረም ሞተ። ፊሬንዜ በሕይወቱ ያባረረችውን ሰው አስከሬኑን ደጋግማ ጠየቀች። በ1519 የፊሬንዜው ተወላጅ ጳጳስ ሊዮ ዐሥረኛ ፈቃድ ሰጠ፤ ሚኬላንጄሎ መቃብሩን እኔ እሠራለሁ ብሎ ፈርሞ ነበር። መልእክተኞቹ ሲደርሱ ሣጥኑን ባዶ ሆኖ አገኙት። የፍራንቸስኮስ መነኮሳት ከገዳማቸው በኩል ግድግዳውን በስተው አጥንቱን አውጥተው ደብቀውት ነበር። ምሥጢሩ ከመነኩሴ ወደ መነኩሴ ሲተላለፍ ቆይቶ ጠፋ። በ1865 የተወለደበት ስድስት መቶኛ ዓመት ሊከበር ጥገና ሲደረግ፣ ግንበኞች ግድግዳ ውስጥ አንድ የእንጨት ሣጥን አገኙ፤ አንቶኒዮ ሳንቲ የተባለ መነኩሴ በ1677 የዳንቴ አጥንት መሆኑን ጽፎበታል። ፊሬንዜ በሳንታ ክሮቼ ያሠራችለት ሐውልት እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ ለራቬናው መቃብር መብራት የሚሆነውን ዘይት በየዓመቱ የምትልከው ግን እርሷ ናት።

የዳንቴ ጸሎተ ፍትሐት የተደረገበት የሳን ፍራንቸስኮ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ምድር ቤት አለ። መሬቱ ስለሰመጠ ውኃ ሞልቶታል፤ የጥንቱ የሞዛይክ ወለል ከውኃው ሥር ይታያል፤ በላዩ ዓሦች ይዋኛሉ። በራቬና የጥንት ሕንጻዎች ሁሉ ያው ናቸው፤ የጋላ ፕላኪድያ መቃብር ቤት ወለሉ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ተደርጓል፤ አጠር ብሎ የሚታየውም ለዚህ ነው።

በ1636 ወንዞቹ ገንፍለው ከተማዋን አጥለቀለቁ። አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1730ዎቹ፣ የጳጳሱ መንግሥት ሮንኮንና ሞንቶኔን ከከተማዋ ቅጥር ሥር አንሥቶ በስተደቡብ በአንድ አልጋ እንዲፈስሱ አደረገ፤ ወደ ባሕር የሚወስድ አዲስ የመርከብ ቦይም አስቆፈረ። ራቬና በ1860 ወደ ተዋሐደችው ጣልያን ስትገባ የቀረው ረግረግ በአካፋ የሚደርቅ ነበር። አካፋውን የያዙት መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። በ1883 በኑሎ ባልዲኒ አስተባባሪነት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ደላላና ተቋራጭ መካከል ሳይገባ ሥራውን ራሳቸው መውሰድ ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩት ሮም አጠገብ ያለውን የኦስቲያን ረግረግ ለማድረቅ ሄዱ፤ ብዙዎቹን ወባ እዚያው አስቀራቸው። የሮም ጥንታዊ ወደብ የነበረውን ምድር ለእርሻ ያበቁት እነዚህ የራቬና ልጆች ናቸው። ከነገሥታቱ እኩል ሊነገርላቸው ይገባል።

በቀረው የአውራጃው ክፍል ፋኤንዛ በሸክላ ሥራዋ፣ ቼርቪያ በጨው ማምረቻዋ ይታወቃሉ፤ የቼርቪያ ሰዎች በወባ ስላለቁ በ1697 በጳጳሱ ትእዛዝ ከተማቸው እንዳለ ወደ ባሕሩ ተዛወረች። ሉጎ የአንደኛው ዓለም ጦርነት አብራሪ የፍራንቸስኮ ባራካ አገር ናት። ኤንዞ ፌራሪ ራሱ እንደተረከው፣ በ1923 በራቬና የሳቪዮ ውድድር ካሸነፈ በኋላ የባራካ እናት በልጃቸው አውሮፕላን ላይ የነበረውን በኋላ እግሮቹ የቆመ ፈረስ ለመኪናው ምልክት እንዲያደርገው ሰጡት።

በ1950ዎቹ ከሥሯ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘና ራቬና የፋብሪካ ከተማ ሆነች። ጋዙም የጉድጓድ ውኃውም ሲቀዳ መሬቱ በፍጥነት መስመጥ ጀመረ፤ በፋብሪካው ሰፈር በጥቂት አሥርት ዓመታት ከአንድ ሜትር በላይ ወረደ። በ1982 አፔኒን ላይ የሪድራኮሊ ግድብ ተሠርቶ ከተራራ ውኃ መምጣት ሲጀምር ጉድጓዶቹ ተዘጉና መስመጡ ቀነሰ። ስምንቱ የጥንት ሕንጻዎች በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ።

በግንቦት 2023 በሮማኛ ምድር የወራት ዝናብ በቀናት ውስጥ ወረደ። ከሃያ በላይ ወንዞች ክትራቸውን ጥሰው ወጡ፤ ከዐሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። ውኃው በሜዳው ላይ ወደ ራቬና እያዘገመ ሲመጣ፣ ባለሥልጣኖቹ ከከተማው ወጣ ብሎ የቦይ ክትር ተቆርጦ ጎርፉ ወደ እርሻ እንዲለቀቅ ጠየቁ። እርሻው የእነዚያ የቀን ሠራተኞች ወራሽ የሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነው፤ አያቶቻቸው በአካፋ ያደረቁት ምድር ነው። አባላቱ እሺ አሉ። ክትሩ ተቆረጠ፤ 200 ሄክታር ያህል አዝመራ ውኃ ዋጠው፤ መሀል ከተማው ግን ከጎርፉ ዳነ።